«እንከን የለውም» ያልኩት ውሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የጠዋት ቆጠራ፦ ባቄላ 41 ጆንያ፣ ምስር 27፣ አተር 18፣ ዱቄት 60። የተበሳ ጆንያ የለም። የሞተ አይጥ 2፣ በሩ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ፣ ፈርመሽ ተረከቢ በሚል አኳኋን። ኦዲተር 1፣ ከነኩራቱ።

ውሻዬን ኦዲተር ብሎ የሰየመው ክሬን ነው። ክሬን ተሸካሚዬ ነው። ስድሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ኩንታል ሲያነሳ አያቃስትም፣ ሲያወራ ግን ያቃስታል። ውሻው መጋዘን የገባውን ሰው ሁሉ ኪስ ያሸታል፣ በየጆንያው ይዞራል፣ ምንም ጉድለት ባያገኝ እንኳ ፊቱን አይፈታም። «እትዬ፣ ይሄ ውሻ አይደለም፣ ኦዲተር ነው» አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

ቁመቱ ከቁርጭምጭሚቴ እምብዛም አያልፍም። ክብደቱ ስድስት ኪሎ ተኩል። በራሴ ሚዛን ነው፣ ስለዚህ ልክ ነው።

ረፋድ ላይ የጤና ተቆጣጣሪው መጣ፣ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ። ታችኛው ገበያ ውስጥ ያበደ ውሻ ሁለት ሰው ነክሷል። እስከ ወሩ መጨረሻ የክትባት ወረቀት የሌለው ውሻ ሁሉ ይወሰዳል።

«ወዴት?» አልኩት።

ጣሪያውን አየ። ገባኝ።

የኦዲተር ወረቀት ባለፈው ወር ጊዜው አልፏል። ሐሙስ እወስደዋለሁ። ኦዲተር ሰውዬውን እስከ በሩ ሸኘው፣ ካልሲውን እያሸተተ። የሆነ ጉድለት ያገኘበት ይመስላል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ከእንስሳት ክሊኒክ አሁን ተመለስን። የድሮው ሐኪም ጡረታ ወጥቷል። መዝገቡንም ይዞት የወጣ ይመስለኛል፣ የውሻዬ ስም የትም አልተገኘም። በቦታው ወጣት ሐኪም ገብታለች። እጇ ቀልጣፋ፣ አፏ ቁጥብ።

«ከዚህ በፊት ሲከተብ የታየበት ነገር አለ? ማበጥ፣ ማስመለስ፣ ማሳከክ...»

«ምንም። እንከን የለውም።»

ጥያቄዋን ሳትጨርስ መለስኩ። ሠላሳ ዓመት አፌ የለመደው ነው።

የእብድ ውሻው ክትባት አልቆባታል። ሰው ሁሉ ተቆጣጣሪውን ፈርቶ ተሯሩጧል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል አለች። ለሌሎቹ የውሻ በሽታዎች የሚሰጠው ጥምር ክትባት ግን አለ፣ እሱም ጊዜው ደርሷል።

«እንግዲያው ያኛው ሲመጣ ሁለቱንም ባንድ ቀን አድርጊልኝ» አልኳት። «በጅምላ። ለምን ታመላልሽኛለሽ?»

«ትንሽ ውሻ ላይ ብዙ ነገር ባንድ ቀን ባይገባ ይሻላል። ዛሬ ይሄን፣ ሌላ ቀን ያንን።»

«የጅምላ ዋጋ የለም ማለት ነው።»

አልሳቀችም። ወጋችው። «ግማሽ ሰዓት እዚህ ቆዩ» አለች።

አርባ ጆንያ ምስር የጫነ መኪና በአራት ሰዓት መጋዘኔ ይደርሳል። ቆሜ ሳልቆጥር የገባ ጆንያ እስከ ዛሬ የለም። አምስት ደቂቃ ቆየንላት። እሱም ለወጉ ነው።


ያው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ



አሥራ ዘጠነኛው ጆንያ ላይ ነበርኩ። ክሬን «እትዬ፣ ኦዲተር ፊቱን ቀይሯል» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ዞር ስል... ዓይን የለውም። ፊቱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ገብተዋል። ከንፈሩ ተገልብጧል። ሆዱን ገልበጥ ባደርገው ከቆዳው ሥር ምስር የተዘራ ይመስላል፣ እብጥ እብጥ ያለ። ዱቄቱ ላይ አስመለሰ። ከዚያ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ድዱን ከፍቼ አየሁ። ነጭ። እንደ ዱቄቱ ነጭ።

አንስቼው ወጣሁ። መንገዱ ላይ አንድም ታክሲ የለም። የቆመችው የሥጋ ሻጩ ነጭ መኪና ብቻ ናት፣ ሥጋ የሚያመላልስባት።

ሥጋ ሻጩ ጎረቤቴ ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ። ሁለት ዓመት ተኮራርፈናል። እኔ ሥጋ የምገዛው ሁለት መንገድ ተሻግሬ ነው፣ እሱም ምስሩን ከሌላ ይገዛል። ከጠቡ በፊት «አንቺ» ነበርኩ። ከጠቡ ወዲህ «እርስዎ» ሆኛለሁ። እንዲህ ያለ ስድብ በአክብሮት ጠቅልሎ የሚያቀብል ሰው አላየሁም።

እና እኔ፣ ውሻዬ እጄ ላይ ሊሞት፣ መጀመሪያ ያልኩት ምንድን ነው?

«ደግሞ ምን አበላኸው?»

ውሻውን አየ። እኔን አየ።

«ሱቄ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ቀለም እያስቀባሁ ነው» አለ። «ይግቡ።»

ገባሁ። ከኋላ መንጠቆው ይንቀጫቀጫል። ኦዲተር ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋ ጫኝ መኪና ውስጥ ገብቶ ምንም አላሸተተም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ሐኪሟ ጥያቄ አላበዛችም። አድሬናሊን ወጋችው፣ ጉሉኮስ ሰካችለት፣ ሌላም ሌላም ጨመረችለት። ስንት ጊዜ ቆየ? ሃያ ደቂቃ... ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቆጥሬያለሁ። ድዱ ቀላ። ጅራቱ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለ።

«ግማሽ ሰዓት ቆዩ ብዬ ነበር» አለች፣ ሳታየኝ።

«ብለሻል።»

ዛሬ እዚያው ያድራል። ቀሪዎቹን ሃያ አንድ ጆንያዎች ክሬን ብቻውን ነው የተረከበው። ልክ ናቸው አለ። መጋዘኔ ውስጥ እኔ ያልቆጠርኩት ጆንያ ገባ፣ ሰማዩም አልወደቀም።


ዓርብ፣ ኅዳር 7

ቆጠራ፦ የተበሳ ጆንያ 3። አይጥ፣ ቁጥሩ አይታወቅም፣ ሁሉም በሕይወት።

ኦዲተርን አመጣሁት። ፊቱ ግማሹ ተመልሷል፣ ግማሹ ቀርቷል። በአንድ ዓይኑ ሲያየኝ ተጠያቂዋ እኔ እንደሆንኩ ግልጽ ነው።

ሐኪሟ እንደገና ጠየቀችኝ። «አለርጂ ነው። የዚህ ዓይነቱ ደግሞ ባንድ ጊዜ አይመጣም፣ ሰውነቱ ቀድሞ ያወቀው ነገር መሆን አለበት። ከዚህ በፊት እርግጠኛ ነዎት ምንም አልታየበትም?»

አፌ ተከፈተ። «እንከን...» ሊል። ዘጋሁት።

«አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።

የእብድ ውሻውስ ክትባት? አሁን ምን ሊሆን ነው? አላውቅም አለች። ማለትም፣ ታውቃለች፣ ግን ማሰብ አለባት። እንደዚህ የምትል ሐኪም ሳትሻል አትቀርም። የድሮው ሁሉን ወዲያው ያውቅ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። ሁሉም አሉኝ። ልጄ «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ለማን ነው?» እያለች ስታሾፍብኝ ኖራለች። ለዛሬ ነበር።

ያለፈው ዓመት፣ ጥቅምት 19። በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ «ኦዲተር ተከተበ። ሽምብራ 30 ገባ። ከሰዓት ፊቱ አብጦ ተገኘ። ንብ ነድፋው ነው። ደደብ፣ ንብ ሊኦዲት ሄዶ።»

ስጽፈው ስቄ ነበር። አስታውሳለሁ።

ከዚያ በፊት ያለው ዓመት፣ ጥቅምት 23፦ «ጠዋት ኦዲተርን አስከተብኩ። የሥጋ ሻጩ በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ከዚያ መጥቶ አስመለሰ፣ አፍንጫው አበጠ። የበሰበሰ ሥጋ አብልቶታል። ሄጄ ነገርኩት። በደንብ ነገርኩት።»

በደንብ ነገርኩት... ምን እንዳልኩት አልጻፍኩም፣ ግን አልረሳሁትም። ወረፋው ፊት ነው። «በልታችሁ ለምትታመሙ ሐኪም ቤቱ በዚህ በኩል ነው» ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። አንዲት ሴትዮ የጠቀለለችውን ሥጋ መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

ሦስት ዓመት፣ ሦስት መርፌ፣ ሦስት እብጠት። ሦስቱም ከክትባት ጋር ባንድ ገጽ ላይ፣ በራሴ ቀለም። አንዱን በሥጋ ሻጩ፣ አንዱን በንብ አሳበብኩ። የጆንያ ጎዶሎ በሁለት ጣቴ የማውቅ ሴትዮ።


እሑድ፣ ኅዳር 9

ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። አልወደድኩትም።


ሰኞ፣ ኅዳር 10

ቆጠራ፦ የተበሳ 4።

ሁለቱን ደብተሮች ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ አንብባ ጨረሰች። «ደደብ፣ ንብ ሊኦዲት» የሚለው ላይ ትንሽ የሳቀች መሰለኝ።

«ሐሙስ ዕለት ይሄን ነግረውኝ ቢሆን መርፌውን ሳልወጋ ቆም ብዬ አስብ ነበር።»

«ነጋዴ ነኝ። ስለ ዕቃዬ ሲጠይቁኝ እንከን የለውም ነው የምለው።»

«ውሻ ነው እንጂ ዕቃ መች ሆነ?»

ደብተሮቹን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። ተከራክሬ የምሸነፈው በዓመት አንዴ ነው፣ ቢበዛ።

የክትባቱን ወረቀት ሰጠችኝ፣ በሳጥኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን። መነጽሬን አደረግኩ። ፊደሉ ከሰናፍጭ ያንሳል። መርፌ መስሎኝ ነበር፣ የወጥ ቤት ዝርዝር ነው እኮ። ጄላቲን። ስኳር ነገር። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቅሪት። ሌላም ማንበብ ያቃተኝ።

አስረዳችኝ። ክትባቱ የሚሠራው ጀርሙን በላብራቶሪ በማራባት ነው። ለማራባት ሕዋሳት ያስፈልጋሉ፣ ሕዋሳቱ ደግሞ መመገብ አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚመገቡት ከጥጃ ደም የተጣራ ሴረም ነው። በኋላ ያጥቡታል፣ ግን ትንሽ ትንሽ ይቀራል። አንዳንድ ውሻ ያቺን ቅሪት ጠላት አድርጎ ይይዛታል። ወይም ክትባቱ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ጄላቲን። በየዓመቱ ሲገባበት ደግሞ ጥላቻው ይጠነክራል።

«እንግዲህ ባቄላው ደህና ነው» አልኳት። «ክፉው ጆንያው ውስጥ የተቀላቀለው ጠጠር ነው።»

«እንደዚያ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ መሆን አልችልም።»

«የከብት ሥጋስ? ሥጋ ሻጩ ጋ ሲበላ ያሳክከዋል።»

«ካሳከከው ያቁሙ። ግን ከመርፌው ጋር አያያይዙት። በማስረጃ አልተረጋገጠም።»

እኔ ያለ ምንም ማስረጃ ሁለት ዓመት አያይዤ ኖሬያለሁ፣ ማንም አልከለከለኝም።

ለፋብሪካዎች ደውላ ትጠይቃለች። ወረቀቱ ላይ ሁሉ ነገር አይጻፍም አለች። ይሄን ሳትነግረኝም አውቃለሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የተበሳ 6። ኦዲተር ደክሞታል፣ ከጆንያ ጆንያ ሲሄድ መሐል ላይ ይቀመጣል።

ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ድመት ተውሳ አመጣች። «ለጊዜው፣ ረዳት ኦዲተር ትሁን» አለች። ረዳት ኦዲተሯ ዱቄቱ ላይ ወጥታ ተኛች። አይጥ አጠገቧ አለፈ። ዓይኗን ገለጥ አደረገች፣ ሥራዬ አይደለም በሚል፣ መልሳ ከደነች። ክሬን «የመንግሥት ሠራተኛ ናት» አለ። ልጄ ተቀየመችው፤ እሷም የመንግሥት ሠራተኛ ናት።

ድመቷን መለስን።


ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ክሬን ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ መጣ። እያቃሰተ።

«እትዬ... አንድ ሰው አለ። ወረቀቱን ይሰጣል።»

«የምን ወረቀት?»

«የክትባቱን። ከነማኅተሙ። መርፌ ሳይነካው። ተቆጣጣሪው መርፌውን አያይም፣ ወረቀቱን ነው የሚያየው።»

አልተቆጣሁም። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ለምን አልዋሽም፣ ደጋግሜ አሰብኩበት። መርፌው ሊገድለው ይችላል። ወረቀቱ አይገድለውም። ተቆጣጣሪውም ይሄዳል።

ግን ወረቀት ምንድን ነው? ጆንያ ላይ የተጻፈ ኪሎ ነው። ውስጡ ከጎደለ ጽሑፉ አይሞላውም። ታችኛው ገበያ ያለው በሽታ ማንበብ አይችልም። ኦዲተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይጥ በአፉ ይዞ የሚዞር፣ የማያውቀው ውሻ ሲመጣ ቀድሞ የሚገጥም ፍጡር ነው። ቢነከስ? ከዚያ ክሬንን ቢነክሰው? ልጄን?

«አይሆንም» አልኩት።

«ታዲያ ቢሞትስ?»

«እሱን ነው የማስበው።»

ክሬን ሄዶ ኦዲተር አጠገብ ቁጭ አለ። ሲያወራው ሰማሁት፦ «አንተ ሰውዬ፣ ሰውነትህ ለምን እንደ አስተዳደግህ አይሆንም? ሁሉን ትበላ ነበር እኮ...»

ልጄ ማታ ሰምታ፣ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ለኔ እንኳ እንደዚህ ተጨንቀሽ አታውቂም» አለችኝ። አንቺ ስትከተቢ አላበጥሽም አልኳት።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ቀትር ላይ፣ ሰው ሲበተን፣ ሥጋ ሻጩ ጋ ገባሁ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል። የሥጋ መክተፊያውን ግንድ እያጠበ ነበር። ቀና አላለም።

«የእርስዎ ውሻ ተሻለው?»

«ተሽሎታል። በመኪናህ ስላደረስከን...»

«ለውሻው ነው ያደረስኩት።»

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ተውኩት። ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹን ከፍቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ እንደገና አነበበው።

«ክትባቱ ነው» አልኩ። «ያንተ ሥጋ አልነበረም። ተሳስቼ ነው።»

«ያን ቀን እዚህ ቆመው ሲሰድቡኝ ስንት ሰው ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

«ቆጥረው ነበር?»

«ሥራዬ ነው።»

ሱቁን ዙሪያውን አየ። ባዶው ወንበር፣ ባዶው ባንኮኒ፣ ዝንብ እንኳ የለም።

«ዛሬስ ስንት ሰው አለ?»

ግንዱን ወደ ማጠብ ተመለሰ። ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ።

ነውረኛ ሰው። ልክ ነው ደግሞ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

የተበሳ 5። አይጥ 1፣ የሞተ። ኦዲተር አገግሟል። አይጡን ሁለቴ አመጣልኝ፣ እንደ ሁለት እንዲቆጠርለት።

ሐኪሟ ደወለች። የእብድ ውሻ ክትባት ከሌላ ፋብሪካ አግኝታለች። ደውላ ጠይቃለች፦ ጄላቲን አይጨምሩበትም፣ የጥጃ ሴረሙም በሌላ አሠራር በጣም የተቀነሰ ነው ብለዋታል።

«የተቀነሰ ማለት የለም ማለት ነው?»

«አይደለም። የተቀነሰ ማለት ነው።»

ይቺን ልጅ እየወደድኳት ነው።

ሐሙስ ጠዋት። ቀድማ የአለርጂ መድኃኒት ትሰጠዋለች። ሌላ ምንም ክትባት አብሮ አይገባም። አድሬናሊኑ ተቀድቶ አጠገቧ ይቀመጣል። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያው እንቆያለን።

«እና ቢሆንስ?» አልኳት።

«እዛው ነን። ባለፈው መንገድ ላይ ነበራችሁ። ልዩነቱ እሱ ነው። ዋስትና ግን አልሰጥዎትም» አለች።

እኔ ለሠላሳ ዓመት ለሁሉም ሰው ዋስትና ስሰጥ ኖሬያለሁ። ዋስትና የከለከለችኝን ይቺን ልጅ ያመንኩትን ያህል ግን ማንንም አምኜ አላውቅም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ለነገ ለሚመጣው ባቄላ መኪና «ሌላ ቀን ና» አልኩት። ሾፌሩ የተሳሳተ ቁጥር የደወለ መስሎት ዘጋና እንደገና ደወለ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ከበሩ ስንወጣ ነጯ መኪና ሞተሯ ተነስቶ ቆማለች። ሥጋ ሻጩ መሪው ላይ።

«ማን ነገረህ?»

«ግድግዳው ስስ ነው። እርስዎ ደግሞ ስልክ ሲያወሩ ስልኩ አያስፈልግዎትም።»

ገባሁ። ኋላዋን አጥቧታል። ኦዲተር ግን የታጠበውን ሁሉ አሸተተ፣ በየመንጠቆው ሥር። ጥሩ ምልክት ነው አልኩ በልቤ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተወጋ። ሐኪሟ እጇን አላንቀጠቀጠችም። እኔ አየሁት፣ መርፌው ሲገባ። ውሻው አላየም፣ የሐኪሟን ኪስ እያሸተተ ነበር።

ከዚያ ቁጭ ማለት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሥራ ፈትቼ አራት ሰዓት የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም። በየአሥር ደቂቃው ድዱን አያለሁ። ቀይ። ቀይ። ቀይ። ክሬን በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል። «እትዬ፣ እንዴት ነው?» «በሕይወት አለ።» «እሺ» ይልና ያቃስታል። ይዘጋል።

ሥጋ ሻጩ አልሄደም። ጋዜጣ ገልብጦ የያዘ ይመስለኛል።

«ምንድን ነው ግን ያሳበጠው?» አለ በመጨረሻ።

ነገርኩት። ሴረሙን፣ ጥጃውን።

«ከጥጃ?»

«ከጥጃ ደም።»

ጋዜጣውን አወረደ። «እንግዲያው ሁለት ዓመት ሙሉ ከብት ነው ሲሉ የነበረው... ከብት ነበር።»

«ግማሹን ልክ ነበርኩ።»

አየኝ። በጣም ቀስ ብሎ አየኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ረስቼው ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል... ባለፈውም ያበጠው እዚያ ላይ ነው። ኦዲተር ድንገት ዞረና ጆሮውን ማከክ ጀመረ። አጥብቆ፣ እግሩ እየተወራጨ። ሦስታችንም ብድግ አልን። ሐኪሟ በአንድ እጇ ሲሪንጁን አነሳች፣ በሌላው ጆሮውን ገለበጠች። ልቤ የት እንደነበረ አላውቅም፣ እዚያ ግን አልነበረም።

ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ጎንበስ አለች።

«ቁንጫ» አለች።

ሲሪንጁን መልሳ አስቀመጠች። ሥጋ ሻጩ ወንበሩ ላይ ወደቀ። «ይቺን ውሻ ብዬ... እኔ ልታመም ነው» አለ። ኦዲተር በኩራት አየን። ቁንጫዋን ያስመዘገበ መስሎታል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተለቀቅን። ፊቱ ፊት ነው። ሆዱ ላይ ምስር የለም። ሐኪሟ ወረቀቱን ሞላች፣ ማኅተም መታች። ከጠረጴዛዋ እስክሪብቶ አነሳሁና ከላይ፣ በትልቁ እንድትጽፍ ያሰብኩትን እኔው ጻፍኩት፦ «ክትባት አለርጂ አለበት። መጀመሪያ ጠይቁ።» ቀዩን እስክሪብቶ ነው የመረጥኩት።

የራሴን ዕቃ እንከን በራሴ እጅ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ዕቃ አይደለም እንጂ። እሺ።

ለሚመጣው ዓመት ደግሞ እንደገና ማሰብ አለብን አለች። ያልተፈታ ነገር ነው። ግን ማሰቢያ ዓመት ሙሉ አለን።

በር ላይ ሲያወርደን ሥጋ ሻጩ መስኮቱን ከፈተ። «ከብት አትስጪው» አለ። «የበግ አጥንት ከፈለግሽ አለኝ።»

ነዳ። «ከፈለግሽ» ማለቱን ያወቅኩት መጋዘን ከገባሁ በኋላ ነው።


ዓርብ፣ ኅዳር 21

የጠዋት ቆጠራ፦ ባቄላ 36፣ ምስር 61፣ አተር 15፣ ዱቄት 52። የተበሳ ጆንያ የለም። የሞተ አይጥ 3፣ በቁመታቸው የተደረደሩ። ኦዲተር 1። ስድስት ኪሎ ከሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ ግራም ጎድሎበታል፣ ይመለሳል።

ተቆጣጣሪው መጣ። ወረቀቱን አየ። ቀዩን ጽሑፍ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?» «እውነት ነው» አልኩት። መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። ኦዲተር ዛሬም በካልሲው ጉዳይ አልረካም።

ከቀትር በፊት አንዲት ደንበኛ አተር ልትገዛ መጣች። «ደህና ነው አይደል?» አለች፣ ሁሉም እንደሚለው። አፌን ከፈትኩ።

«የላዩ ደህና ነው። ከታች ያሉት ሁለት ጆንያዎች እርጥበት ነክቷቸዋል። ከእነሱ አትውሰጂ።»

ክሬን የተሸከመውን ጆንያ ቀስ ብሎ አወረደ። ግንባሬን ሊነካ ፈልጎ ተወው።

ሴትዮዋ ከላዩ አምስት ጆንያ ገዛች። ሁለት ልትገዛ ነበር የመጣችው። ይሄንንም ጽፌ ልያዘው፣ አንድ ቀን ያስፈልገኛል።

የድሮ ደብተሮቼን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። የጥቅምት 23ቱን ግን አልመለስኩም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ገጹ ላይ የውሻው የክትባት ወረቀት ገብቶበት።

ነገ፦ ሥጋ ቤት። የበግ አጥንት አንድ ኪሎ። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወረፋው ሲሞላ። ከአሥራ አንድ ሰው ካነሰ ቆሞ መጠበቅ።